በእህቴ ፊት ላይ የለጠፍሁት

ከመጀመሪያ ባሌ ተፋትቼ ቢቸና እናቴ ቤት የተመለስሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጅ አልወለድሁም፤ የተፋታሁትም በዚሁ ነው። እናቴ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ነገር ግን ተመልሳ የመጣች ሴት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ እንደሌለባት ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ከአክስቴ የተማርሁትን ሥራ ያዝሁ። ሥራው የሙሽሮችን ፊት መቀባት ነበር።

በእኛ አገር ሙሽራ ሠርጓ ሲቃረብ ከፀሐይና ከጭስ ትከለላለች። ሌላውን ሁሉ እናቷ ታዘጋጃታለች፤ ፊቷን ግን ለሚያውቅ ሰው ትሰጣለች። ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። ከአዲስ አበባ በቆርቆሮ የታሸገ ቅባት የሚያስመጡ የሹም ሚስቶች ነበሩ። አብዛኛው ሰው ግን የሚያምነው ከገዛ ጓዳው የወጣውን ነው።

አክስቴ መጀመሪያ ያስተማረችኝ መቀመሙን ሳይሆን ማየቱን ነው። “ፊቷን ሳታዪ ማሰሮሽን አትክፈቺ” ትለኝ ነበር። ማለዳ ልጅቱ ሳትታጠብ እሄድና በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ግንባሯን፣ አፍንጫዋንና ጉንጯን እጠርጋለሁ። ጨርቁ ወዝ ከያዘ ፊቷ ወዛም ነው፤ የእንቁላሉን ነጭ ከሽምብራ ዱቄት ጋር መትቼ በስሱ እቀባትና ሲደርቅ በለብታ ውሃ አጥባታለሁ። ጨርቁ እንደደረቀ ከተመለሰና ጉንጯ ስትስቅ የሚሰነጠቅ ከመሰለ ዱቄት አላስጠጋባትም። ለጋ ቅቤ በማር፣ ወይም ተልባ ሲቀቀል የሚወጣውን ልጋግ እቀባታለሁ። ግንባሯ ወዛም፣ ጉንጯ ደረቅ የሆነችም አለች፤ ለእሷ ሁለቱንም ቅብ በሁለት ጣባ፣ በትንንሽ የሸክላ ሳህን ይዤ ነው የምሄድ። ብጉር ላለባት እርድ በእርጎ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ስስ ፊት ነው። ስስ ፊት ትንሽ ነገር ያቀላዋል፤ ያሳብጠዋል። እንዲህ ላለችው ቅቡን አስቀድሜ ከክርኗ ውስጥ በኩል ቀብቼ አሳድራለሁ፤ ሲነጋ ካልቀላ ብቻ ወደ ፊቷ እወስደዋለሁ።

አንድ ሌላም ነገር አስተምራኛለች። ቁስል ባለበት ፊት ላይ የሚደርቅ ነገር አይለጠፍም። ቁስል መተንፈስ አለበት፤ ማር ይበቃዋል። ይህን የምጽፈው አላውቅም ነበር እንዳልል ነው።

እህቴ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሞጣ ያገባች፣ የእህልና የማር ነጋዴ ሚስት ነበረች። ሁለት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ከዚያ ወዲያ አልጸነሰችም። ልጅቱን ያየኋት ሦስት ጊዜ ነው። በመጨረሻ ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጣባዎቼን አንድ በአንድ እያሸተተች “ይኼ ለማን ነው? ይኼስ ለማን ነው?” ስትለኝ ዋለች።

በአንድ የሐምሌ ማለዳ የነፍስ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን ገቡ። ከኋላቸው ከሞጣ የመጣ የእህቴ ባል ዘመድ ነበር፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሰዎች በዚያ ሰዓት እንዲህ ተሰብስበው ሲገቡ ምን ይዘው እንደሚመጡ ማንም ያውቃል። እናቴ ገና ሳይናገሩ “የትኛዋ ናት?” አለች። ኩፍኝ ሞጣ ገብቶ ነበር። ልጅቱን ወስዷት፣ ተቀብራለች።

እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ፊቷን ልትነጭ ስትል ሽማግሌዎቹ እጇን ያዙ። እኔም እጄን ወደ ጉንጬ አነሣሁ፤ ግን ለሥራዬ ብዬ ጥፍሬን አሳጥሬ እቆርጥ ነበርና ምንም አላደረገኝም። ጩኸቱን ሰምተው የገቡ ጎረቤቶች ይህን ማየታቸውን አየሁ።

በእኛ ዘንድ የሞተባት ሴት ፊቷን ትነጫለች። ካህናቱ ይከለክላሉ፤ በንስሐም ይቀጣሉ። ሴቶቹ ግን “ልጇን ቀብራ ፊቷ ደህና ነው” ይባባላሉ። ይህን የሰማች እናት የካህኑን ቅጣት ትመርጣለች።

እናቴ በዚያ ክረምት በቅሎ ላይ መቀመጥ የማትችል ሆናለች። መኪናም በክረምት አይሄድም። እኔ ከመልእክተኛው ጋር ሄድሁ። ወንዝ ሞልቶ አንድ ቀን አዋለን፤ በአራተኛው ቀን ሞጣ ገባን። ማሰሮዎቼን ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኋቸው ያን ጊዜ አላሰብሁበትም። እጄ የለመደውን አነሣ፤ ያ ብቻ ነው።

እህቴን ከጓዳ፣ ምድር ላይ በተነጠፈ አጎዛ ላይ አገኘኋት። በቀብሩ ዕለት ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ሁለቱንም ጉንጯን ነጭታ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግማ። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል፤ ከሥሩ ውሃ ያዣል። አንዷ አልቃሽ አመድ ነስንሳበት ነበር። ቆዳዋ ድሮም ስስ ነው፤ በሠርጓ ጊዜ እንኳን አክስቴ ከቅቤ ሌላ አላስነካቻትም። ስታየኝ አላለቀሰችም።

“መጣሽ?” አለችኝ።

“መጣሁ፣ እትዬ።”

“ብትቆዪ ኖሮ ታገኚያት ነበር፤ ስትሞት ትጠራሽ ነበር” አለችኝ። ንግግሯ ልክ አልነበረም። ብቆይ ሳይሆን ብቀድም ነበር ማለቷ። አላረምኋትም።

በዚያው ቀን ሥራዬን ጀመርሁ። ውሃ ከጨው ጋር አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ አመዱን በጨርቅ እያረጠብሁ አነሣሁ። ከዚያ ማር ብቻ፣ በስሱ። ማሩ ከባሏ ጓዳ የወጣ ነጭ ማር ነበር። ጠዋትና ማታ አጥባለሁ፤ እቀባለሁ። በሳምንቱ ማዣቱ ቆመ፤ ጠርዙ ላይ አዲስ ቀይ ቆዳ ይታይ ጀመር። ጥሩ እጅ አለኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰሞን እንኳ ኮራሁ።

ከዚያ ቁስሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ትናንት የያዘው ቅርፊት ዛሬ ጠዋት የለም፤ ከሥሩ ትኩስ ደም ነው። ማሩ ተበረዘ ብዬ ለወጥሁ። ውሃው ነው ብዬ ከሌላ ምንጭ አስቀዳሁ። ቆዳዋ ማር አልወደደም ይሆናል ብዬ የተልባ ልጋግ ሞከርሁ። ጥፋቱን ሁሉ በማሰሮዬ ውስጥ ነበር የምፈልገው።

አንድ ቀን ለጋ ቅቤ ልገዛ ገበያ ወጣሁ፤ ዝናብ መጣና ከመንገድ ተመለስሁ። እህቴ ውሃ የሞላ ገበቴ ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። በውሃው ፊቷን እያየች ቅርፊቱን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ታነሣለች። ልክ እህል እንደምትለቅም ሴት ነበረች፤ ስትጨርስ የምታደርገው ሌላ ሥራ ያላት ይመስል።

“እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

“ተዪኝ።”

“ፊትሽ ይበላሻል።”

“እሷ አፈር ገብታ የኔ ፊት ምን ሊሆን ነው የሚድን?” አለችኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። “ከዳነ ‘በቃ፣ ሐዘኑ ወጣላት’ ይላሉ። ሌላ ውለጂ ይሉኛል። እኔ ገና አልጨረስሁም።”

ገበቴውን አንሥቼ ውሃውን ደጅ ደፋሁት። ከዚያ በቀር ያደረግሁት የለም። ተቀምጬ ብሰማት ይሻል ነበር፤ ግን ፈራሁ። ሥራዬን እያበላሸች መሆኗም አናዶኝ ነበር።

በማግሥቱ አማቷ ጠሩኝ። ቀጥ ያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሴት ናቸው፤ ለእህቴም ክፉ ሆነው አያውቁም። ልጅቱን ያሳደጉ እሳቸው ነበሩ፤ በሐዘኑም ተጎድተዋል። ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“ልጄ፣ አርባዋ እየደረሰ ነው” አሉኝ። “ለተዝካሩ ከዚህም ከዚያም ዘመድ ይመጣል። ባሏ ወደ ጓዳ መግባት ትቷል፤ ፊቷን ማየት አልቻለም። ወንድ ነው፤ ስንት ቀን ይታገሣል? አንቺ እጅሽ የታወቀ ነው ይላሉ። ለአርባው ፊቷን አድርሽልን። ስለ እህትሽ ትዳር ብለሽ።”

“እሜቴ፣ ቅርፊቱን ራሷ ነው የምታነሣው” አልኋቸው።

“እንግዲያ እጇን ያዢያ” አሉኝ።

ተፋትቶ መመለስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እህቴ እንደኔ ዕቃዋን በበቅሎ ጭና ቢቸና ስትገባ ታየኝ። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነበር። ሌላው ምክንያቴ፣ ብዙ ዓመት ለራሴም ያልነገርሁት፣ “እጅሽ የታወቀ ነው” መባሌ ነው።

ለወዛም ፊት የማደርገውን ቅብ ሠራሁ። የእንቁላል ነጭ፣ የሽምብራ ዱቄት፣ እንዲይዝ ትንሽ ማር። ሲደርቅ ቆዳውን ይስባል፤ ጠባሳውን ያስተኛል፤ ደግሞም ጠንክሮ ስለሚይዝ ጥፍር አያነሣውም ብዬ አሰብሁ። ከክርኗ ላይ አልሞከርሁትም። ጊዜ የለም አልሁ።

“እጅሽን ስጪኝ” አልኋት።

“ለምን?”

“እስኪደርቅ ድረስ ነው።”

እንደ ሕፃን ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። በነጠላዬ አንጓዋ ላይ አሰርኋት፤ ጠበቅ አድርጌ። በቀብሩ ዕለትም ሴቶች እንዲሁ አስረዋት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ቅቡን በወፍራሙ ለጠፍሁባት፤ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ። ሲነካት ፊቷን ሸሸት አደረገች፤ መልሳ ግን ሰጠችኝ። ሲደርቅም አላጠብሁትም። በነጋው ሁለተኛ ደረብሁበት። ለመብላት ብቻ እፈታታለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስራለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። አማቷ ገብተው አይተው “አሁን ያዘ” ብለው መርቀውኝ ወጡ።

በአራተኛው ቀን እህቴ ምግብ እምቢ አለች። ሰውነቷ እሳት ነበር። የቀኝ ጉንጯ ከቅቡ ሥር ተነፍቶ፣ ቅቡ እንደ ክረምት ማግሥት ጭቃ ተሰነጣጠቀ። በስንጥቁ መግል ወጣ። እብጠቱ ዓይኗን ዘጋው። ሽታውን ስሰማ ገባኝ፤ ግን አሁንም እጄ ወደ ማሰሮው ነው የሄደ፤ ተልባ ላፈላ ተነሣሁ።

ያቆመችኝ የጎረቤት ሴት ናት። የጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ እስላም፣ ለቅሶው ከተቀመጠ ጀምሮ በየቀኑ ውሃ እያስቀዳች የምትልክ ሴት ነበረች። ልትጠይቅ ገብታ እህቴን አየቻት፤ ከዚያ የታሰረውን እጇን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

“ይህን ማን አሰረ?” አለች።

“እኔ ነኝ።”

ጎንበስ ብላ ፈታችው። አንጓዋ ላይ የነጠላው ጥለት ታትሞ ነበር።

“እህቴ፣ ይኼ ቅብ የሚያድነው አይደለም” አለችኝ። “መርፌ ነው የሚፈልገው። ተነሽ፣ ሰው ጥሪ።”

አማቷ አቅማሙ፤ ሐዘንተኛ አርባ ሳይወጣ ከደጅ አትወጣም አሉ። ሴትዮዋ ግን የባሏን ሠራተኞች ጠርታ በቃሬዛ አሸክማ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። በዝናቡ መሐል ጃንጥላዋን እህቴ ፊት ላይ ዘርግታ፣ ራሷ ዝናቡ እየወረደባት ሄደች። እኔ ከኋላ ነበርሁ።

ድሬሰሩ፣ የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ፣ ወጣት ሰው ነው። ቅቡን በውሃ እያራሰ፣ በመቆንጠጫ እየቀረፈ ማንሣት ጀመረ። ከቅቡ ጋር ሥጋም ተነሣ። እህቴ ያን ጊዜ ጮኸች፤ ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ጩኸቷ ነበር።

“ይህን የለጠፈው ማን ነው?” ብሎ ጠየቀ።

ጎረቤቲቱ ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም አልተናገርሁም። “ቤት ነው የተደረገላት” አለችው። ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀና፣ መግሉ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ሄዷል፤ ክፍት ቢተው ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር አለ። ለማንም አልተቆጣም። የሆነውን ብቻ ተናገረና መርፌውን አነሣ።

ብዙ ቀን ተወጋች። አርባው የወጣው እሷ ጤና ጣቢያ ተኝታ ሳለ ነው። ተዝካሩ ተበላ፤ ዘመድ መጣ፤ እናቲቱ የለችም። ሊያማምሯት የፈለጉለት ቀን በዚህ አለፈ።

ትኩሳቱ ሲለቃት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ግማሽ ፊቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በደህናው ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለች። “እጄን ያሰርሽኝ ለኔ ብለሽ ነው ወይስ ለእነሱ?”

“ላንቺ ነው፣ እትዬ” አልኋት።

“እሺ” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ቁስሉ ዳነ፤ አዳዳኑ ግን ክፉ ነበር። የቀኝ ጉንጯ ተጨማደደ፤ ጠባሳው የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን ወደ ታች ስቦ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ የማይከደን ሆነ። ተኝታም ነጩ ይታያል። ባሏ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። “እናትሽ ዘንድ ሂጂና አገግሚ” አላት። “መንገዱ ሲደርቅ እመጣለሁ።” ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ያለቅስ ነበር። ግን አልመጣም። መንገዱ ደረቀ፤ መኪናም መግባት ጀመረ። በጥር ሌላ ማግባቱን ሰማን።

ቢቸና እናቴ ቤት ሁለት የተመለስን ሴቶች ሆንን። እህቴ ሥራ አትጠላም፤ ትፈጫለች፣ ትፈትላለች። ግን የሙሽራ እናቶች ሊጠሩኝ ወደ ቤታችን ሲመጡ በራፉ ላይ እሷን ሲያዩ ይደነግጡ ነበር። ለሠርግ የሚሰናዳ ሰው እንዲህ ያለ ፊት ማየት ገደ ቢስ ነው ይላሉ። አንዷ በዝግታ “ልንጠራሽ እዚህ ከምንመጣ ሰው ብንልክብሽስ?” አለችኝ። እሺ አልሁ። ከዚያም መላኩ ቀረ፤ ሙሽሮቹ ወደ ሌላ ሴት ሄዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጠራኝ ጠፋ።

እህቴ ነገሩን ታውቅ ኖሯል። በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ ላይ ጥጥ እየፈተለች ሳለ “እኔ መርጡለ ማርያም ልሄድ ነው” አለች። “ልመነኩስ።”

“በኔ ምክንያት ነው?” አልኋት።

“ባንቺ ምክንያትማ ዓይኔ አይከደንም” አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ድሬሰሩ ነበር የተናገረች። “ምንኩስናው የራሴ ነው።”

ያን ጊዜ ሳላስበው ወጣኝ። “እትዬ፣ ለእነሱ ብዬ ነበር። ለአርባው እንድትደርሽ ብለው ለምነውኝ። ደግሞም እጅሽ የታወቀ ነው ስላሉኝ።”

እንዝርቷን አላቆመችም።

“አውቅ ነበር” አለች። “ያን ዕለት የጠየቅሁሽ እንድትነግሪኝ ነበር።”

“ይቅር በይኝ።”

ክሩ እስኪያልቅ ፈተለች፤ ጠቀለለች። “ነገ እንጀራው ቀድሞ ይጋገር፤ መንገድ እገባለሁ” አለችኝ። ሌላ መልስ አልሰጠችኝም። ከዚያም በኋላ፣ በኖርንበት ዘመን ሁሉ፣ አልሰጠችኝም።

እኔ ቆይቼ አምበር ወደሚባል አገር ሄጄ ሌላ ባል አገባሁ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት ገበሬ ነበር፤ መውለድ ያልጠበቀብኝም ለዚህ ነው። ማሰሮዎቹን ለእናቴ ትቼ ሄድሁ፤ በርበሬ አስቀመጠችባቸው። ሴቶች ሥራዬን ሰምተው ሲጠይቁኝ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ጨርቁን፣ ክርኑን፣ ሁለቱን ጣባ። በገዛ እጄ ግን የማንንም ፊት አልነካሁም። የእንጀራ ልጄ ስትዳር እንኳን ሌላ ሴት አስጠራሁላት።

እህቴን በየዓመቱ ባይሆንም በየሁለት ዓመቱ እየሄድሁ እጠይቃት ነበር። የማይከደነው ዓይኗ አቧራና ነፋስ እየገባበት ጭጋግ ለበሰ፤ ቆይቶም ጠፋ። ሌላውም እየደከመ ሄደ። ቆቧን አጥልቃ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ስትቀመጥ ከሌሎቹ መነኮሳት አትለይም። ስለ ልጇ አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ያመጣሁላትን ጥጥና ሽሮ ተቀብላ ለሁሉም ታካፍላለች።

በመጨረሻ የሄድሁ ጊዜ ዝናብ ጥሎ አድሯል። ለቅዳሴ ክንዷን ይዤ ልመራት ተነሣሁ፤ ዓይኗ ጭራሽ ደክሟል ብለውኝ ነበርና። ጥቂት እንደሄድን የያዝሁትን ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች።

“ቀስ በይ” አለችኝ። “እዚህ ጋ ደረጃው ያዳልጣል።”

በእግሯ ፈልጋ ደረጃውን አገኘችና እኔን አስቀድማ አወጣችኝ።